ተግባርን በደረጃ መተንተን፤ የሮበርት ጋኜ ዘዴ፣ ጥቅሙና ወሰኑ

ለማስተማር የተነሣ ሰው ሁሉ የሚያስተምረውን ነገር ከፋፍሎ ማቅረቡ አይቀርም። እናት ልጇን እንጀራ መጋገር ስታለማምድ ምጣዱን ከማሰስ ጀምራ እንጀራውን እስከ ማውጣት ድረስ ያለውን በተራ በተራ ታሳያለች። ሸማኔም ለማጁን መወርወሪያ ከማስጨበጡ በፊት ማድወር ያስለምደዋል። ይህን የቆየ ልማድ ስም ሰጥተው በሥርዓት የሚመራ ዘዴ ያደረጉት ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የተነሡ የሥነ ልቡና ሊቃውንት ናቸው። ዘዴው የተግባር ትንተና ይባላል። ዛሬ የመማሪያ መጽሐፍ የሚያዘጋጅም ሆነ የዕለት ትምህርቱን ዕቅድ የሚጽፍ መምህር፣ ስሙን ባያውቀው እንኳ፣ በዚህ ዘዴ ጥላ ሥር ይሠራል።

ዘዴውን ወደ መደበኛው ትምህርት በማስገባት ረገድ ከፍተኛውን ድርሻ የያዘው አሜሪካዊው ሮበርት ጋኜ (1916-2002 እ.ኤ.አ.) ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመውና በ1985 ለአራተኛ ጊዜ ተሻሽሎ የወጣው «የመማር ሁኔታዎች» የተሰኘው መጽሐፉ በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት ዘንድ የተከበረ ስፍራ አለው። ክብሩ የሚገባው ነው። ይሁን እንጂ መጽሐፉ ያነሣው ጥያቄና ተከታዮቹ ለጥያቄው መልስ የሚፈልጉበት መንገድ አንድ አይደሉም። የዚህ ሒሳዊ ጽሑፍ ዓላማም ጥያቄው ጠቃሚ እንደ ሆነ፣ መልሱ ግን ከጽሕፈት ጠረጴዛ ሳይሆን ከተማሪው ሥራ መገኘት እንዳለበት ማሳየትና የዘዴውን ወሰን ማመልከት ነው።

የዘዴው አመጣጥ

የተግባር ትንተና የተወለደው በመማሪያ ክፍል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 ሮበርት ሚለር ለአሜሪካ አየር ኃይል ባዘጋጀው ጥናት የሰውንና የመሣሪያን ግንኙነት በዝርዝር የሚተነትን ሥልት አቀረበ። ጋኜም በዚያው ዘመን በአየር ኃይሉ የሥልጠና ምርምር ላይ ተሠማርቶ ይሠራ ነበር። ከዚያ ልምዱ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1962 ስለ ወታደራዊ ሥልጠናና ስለ መማር መርሆዎች ባሳተመው ጽሑፍ፣ በወቅቱ በሥነ ልቡና መጻሕፍት የነገሡት መርሆዎች ለአሠልጣኙ የሚሰጡት እርዳታ አነስተኛ መሆኑን በግልጽ ተናገረ። ልምምድን ማብዛት፣ ትክክለኛ መልስን ማበረታታት፣ የልምምድን ጊዜ ማከፋፈል፣ እነዚህ ሁሉ መልካም ናቸው፤ ነገር ግን የተበላሸ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ጉድለቱ የት እንደ ሆነ የሚፈልግ ቴክኒሽያን እንዴት እንደሚሠለጥን አይነግሩም። በጋኜ አስተያየት አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ተግባሩ ከየትኞቹ ንዑሳን ተግባራት እንደ ተሠራ፣ እያንዳንዱ ንዑስ ተግባር ተሟልቶ መያዙና ቅደም ተከተሉ ነው።

በዚያው ዓመት ሮበርት ሜገር ስለ ትምህርት ዓላማ አጻጻፍ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። መምህራን «ያውቃል»፣ «ይረዳል» የሚሉትን ግልጽነት የሌላቸው ቃላት ትተው ተማሪው በመጨረሻ ሲያደርግ የሚታየውን ተግባር እንዲጽፉ አሳሰበ። የሁለቱ ሥራዎች መልእክት ተደጋጋፊ ነው። ሜገር የጉዞውን መድረሻ በግልጽ ማመልከትን ሲያስተምር፣ ጋኜ ከመድረሻው ወደ ኋላ እየተመለሱ መንገዱን መፈለግን አስተማረ።

የጥያቄው ዋጋ

የጋኜ ዘዴ ዋና መሣሪያ አንድ ጥያቄ ነው። ይኸውም፦ ተማሪው ይህን ተግባር ለመፈጸም አስቀድሞ ምን ማድረግ መቻል አለበት? መልሱ ሲገኝ ጥያቄው በመልሱ ላይ ተመልሶ ይጠየቃል፤ እንዲህ እየተባለ ተማሪው አስቀድሞ ወደሚያውቀው ነገር ይደረሳል። ውጤቱ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ መሰላል ነው። ጋኜ ራሱ ካቀረባቸው ምሳሌዎች አንዱ ሙሉ ቁጥሮችን የመቀነስ ክሂል መሰላል ነው።

ይህ ጥያቄ ለትምህርት ሥራ ያበረከተው ነገር ከዘዴነት ያልፋል፤ የፍትሕም ጉዳይ አለበት። አንድ ሕፃን የተሰጠውን ሒሳብ መሥራት ሲያቅተው በተለምዶ የሚሰነዘሩት ቃላት «ሰነፍ ነው»፣ «አያጠናም»፣ «አእምሮው አይቀበልም» የሚሉ ናቸው። የጋኜ ጥያቄ ግን ፍርዱን ከልጁ ላይ አንሥቶ ወደ ትምህርቱ ይመልሰዋል። ልጁ ያልወጣው መወጣጫ የትኛው ነው? መወጣጫውስ ቀድሞውኑ ተሠርቶለታል ወይ? ብሎ ያስጠይቃል። ስለሆነም ዘዴውን «የመካኒክ አስተሳሰብ» ብለው በአንድ ቃል የሚያጣጥሉ ሰዎች ይህን ታላቅ ጥቅም ሳያስተውሉት ቀርተዋል ማለት ይቻላል።

ሦስት የተምታቱ ክፍፍሎች

ችግሩ የሚጀምረው ዘዴው ከመጽሐፍ ወጥቶ ወደ ዕቅድ ሲገባ ነው። አንድ ዕጩ መምህር መቀነስን ለሦስተኛ ክፍል ለማስተማር ትምህርቱን በደረጃ እንዲከፋፍል ቢታዘዝ ብዙውን ጊዜ የሚያቀርበው ዝርዝር ከሚከተለው የራቀ አይሆንም፦ መግቢያ፣ የመቀነስ ትርጉም፣ ምሳሌ በሰሌዳ ላይ፣ መልመጃ፣ ማጠቃለያ። ዝርዝሩ ንጹሕ ነው፤ ቅደም ተከተልም አለው። ሆኖም የተከፋፈለው የመምህሩ አርባ ደቂቃ እንጂ የተማሪው ተግባር አይደለም። ከአምስቱ ነጥቦች አንዱም ተማሪው እርሳሱን ይዞ የሚያደርገውን ነገር አይናገርም።

ሌላው ዕጩ ደግሞ የተሻለ ሊመስል የሚችል ክፍፍል ያቀርባል፦ ባለ አንድ አሐዝ ቁጥሮች፣ ባለ ሁለት አሐዝ፣ ባለ ሦስት አሐዝ። ይህም የተማሪውን ሳይሆን የትምህርቱን ይዘት መከፋፈል ነው። የመጽሐፍ ማውጫ ይሆን ይሆናል፤ ነገር ግን ከባለ ሁለት አሐዝ ወደ ባለ ሦስት አሐዝ የሚሸጋገር ልጅ ምን አዲስ ነገር ማድረግ እንዳለበት አይገልጽም።

እንግዲህ ጊዜን መከፋፈል፣ ይዘትን መከፋፈልና ተግባርን መከፋፈል ሦስት ልዩ ልዩ ሥራዎች ናቸው። ሦስቱም ለመምህር ያስፈልጉታል። የተግባር ትንተና የሚባለው ግን ሦስተኛው ብቻ ነው፤ እርሱም ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ምክንያቱም ዐዋቂው ሰው ሥራውን ከለመደ በኋላ ደረጃዎቹ ከዐይኑ ይሰወሩበታል። አንባቢ የሆነ ሰው ፊደላቱን አንድ በአንድ መመልከቱን እንደማያስተውለው ሁሉ፣ ሒሳብ የለመደም ሰው እጁ የሚያደርገውን ልብ አይልም። ሚቸል ናታንና አንቶኒ ፔትሮሲኖ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት የከፍተኛ ሒሳብ ዕውቀት ያላቸው ዕጩ መምህራን፣ ተማሪዎች በቃላት የቀረበ የሒሳብ ጥያቄ ከመሥራታቸው በፊት በምልክት የተጻፈውን እኩልታ መቻል እንዳለባቸው የማመን ዝንባሌ እንዳላቸው አመለከቱ። የአልጀብራ ጀማሪ ተማሪዎች ሥራ ሲመረመር ግን በቃላት የቀረበው ጥያቄ ሲቀላቸው ታይቷል። ስለዚህ በዐዋቂው ግምት ብቻ የተሠራ መሰላል መወጣጫው ሊገለበጥ ይችላል።

ስሕተት እንደ መረጃ

የተሰወሩትን ደረጃዎች መልሶ የሚያሳየው ከሁሉ ይልቅ የተማሪው ስሕተት ነው። ይህን ከ503 ላይ 247ን በመቀነስ መመልከት ይቻላል። ትክክለኛው መልስ 256 ነው። ከአንድ ክፍል የተሰበሰቡ ደብተሮች ሲመረመሩ አንዱ ልጅ 344፣ ሌላው ደግሞ 356 ብለው ጽፈው ቢገኙ፣ ሁለቱም በቀይ እስክሪብቶ አንድ ዓይነት ምልክት ይደረግባቸዋል፤ ሁለቱም «ደግመህ ሥራ» ይባላሉ። ነገር ግን ሁለቱ ልጆች የተሳሳቱት በአንድ ነገር አይደለም።

344 ያለው ልጅ በየቤቱ ትንሹን ቁጥር ከትልቁ ቀንሷል። በአንድ ቤት 3ን ከ7፣ በዐሥር ቤት 0ን ከ4፣ በመቶ ቤት 2ን ከ5 ቀንሶ 4፣ 4ና 3 አግኝቷል። ይህ ልጅ የሚያስፈልገው መበደር ብቻ አይደለም፤ ከዚያ አስቀድሞ የሚቀነስበትና የሚቀነሰው ቁጥር ቦታ መለዋወጥ እንደማይችሉ ማወቅ ይገባዋል። 356 ያለው ልጅ ግን መበደርን ያውቃል። 3ን 13 አድርጎ 7 ቀንሶለት 6 አግኝቷል፤ ባዶውን 9 ብሎ 4 ቀንሶ 5 ጽፏል። ሆኖም ያ ዘጠኝ ከየት እንደ መጣ አልተረዳምና 5ን ወደ 4 ዝቅ ሳያደርግ ትቶታል። ለዚህ ልጅ ስለ መቀነስ ትርጉም እንደገና ማስተማር ጊዜን ማባከን ነው፤ የጎደለው አንድ መቶ ወደ ዐሥር ዐሥሮች መመንዘሩን ማየት ነው።

ጆን ሲሊ ብራውንና ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳተሙት ጥናት እንዲህ ያሉ ስሕተቶች በዘፈቀደ የሚፈጸሙ አለመሆናቸውን አስረድቷል። ብዙዎቹ ተማሪዎች ደንብ ይከተላሉ፤ የሚከተሉት ደንብ ግን በአንድ ስፍራ የተበላሸ ነው። የደንቡ ብልሽት ከታወቀ ልጁ በሚቀጥለው ጥያቄ ምን እንደሚጽፍ አስቀድሞ መናገር ይቻላል። እንግዲህ መምህሩ የሚመረምረው መልሱ ትክክል መሆን አለመሆኑን ብቻ ሳይሆን ልጁ የሄደበትን መንገድ መሆን አለበት።

ከዚህ ጋር ተያይዞ ሌላ ጉድለት ይታያል። በዕቅድ የሚሰፍሩት ደረጃዎች በአብዛኛው በዐይን የሚታዩ የእጅ ሥራዎች ናቸው፤ «ተበደር»፣ «ሰርዝ»፣ «ጻፍ» ይላሉ። የማይታየው ውሳኔ ግን ይዘለላል። መበደርን ትናንት የተማረ ልጅ ከ587 ላይ 243 ቀንስ ሲባል መበደር በማያስፈልግበት ስፍራ ሲበደር መገኘቱ የዚህ ውጤት ነው። እንዴት እንደሚበደሩ ተምሯል፤ መበደር መቼ እንደሚያስፈልግ ግን አልተማረም። ምክንያቱም የዕለቱ መልመጃ በሙሉ የሚያስበድር ብቻ ነበር። «መቼ?» የሚለው ጥያቄም እንደ ማንኛውም ንዑስ ተግባር በመሰላሉ ላይ የራሱ መወጣጫ ሊኖረው ይገባል።

መውጣት ከታች ወደ ላይ ብቻ ነውን?

እስካሁን የተመለከቱት ጉድለቶች ከአሠራር የሚመነጩ ናቸው፤ በጥንቃቄ ሊታረሙ ይችላሉ። የሚከተለው ግን የራሱን የመሰላሉን ሐሳብ የሚነካ ነው። ጋኜ የላይኛው ክሂል በታችኛው ላይ እንደሚመሠረት አስተማረ። ተቃራኒው፣ ማለትም ታችኛው በላይኛው የሚመራበት ጊዜ፣ በመሰላሉ ውስጥ ስፍራ አላገኘም። የመሰላሉን ትክክለኛነት ለመፈተን የተደረጉ ጥናቶችም ቢሆኑ ደካማ ጎን እንደ ነበራቸው ሪቻርድ ዋይት እ.ኤ.አ. በ1973 ባቀረበው ግምገማ አመልክቷል፤ ለምሳሌ አንድን ንዑስ ክሂል በአንድ ጥያቄ ብቻ መፈተን ይገኝበታል።

የአማርኛ ንባብ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። የንባብ መሰላል በተለመደው መንገድ ቢሠራ ከታች ፊደል፣ ቀጥሎ ቃል፣ ከዚያም ዐረፍተ ነገር ይሆናል። ሠላሳ ሦስቱን የፊደል ዘሮች በሰባት ሰባት ሆሄያቸው፣ በጠቅላላው 231ዱን ለይቶ የሚያውቅ ሕፃን የታችኛውን ደረጃ ፈጽሟል ይባላል። ነገር ግን ይህ ሕፃን «ገና» የሚለውን ቃል ሲያገኝ በዓሉን ይሁን ጊዜው አለመድረሱን በምን ያውቃል? «አለ» የሚለውንስ አላልቶ ያንብበው ወይስ አጥብቆ? መጥበቅና መላላት በፊደላችን አይጻፍም። ፊደሉን የሚያውቅ ሁሉ ቃሉን በትክክል ማንበብ አይችልም፤ ቃሉን በትክክል ለማንበብ ዐረፍተ ነገሩ የሚለውን መረዳት ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ ታችኛው ደረጃ በላይኛው ላይ ተመሥርቷል። ሐሳብን መረዳት ለኋላ የሚቆይ ደረጃ ነው ተብሎ ልጁ ለብዙ ወራት ነጠላ ፊደልና ነጠላ ቃል ብቻ ሲለማመድ ቢቆይ፣ ዕቅዱ በሚገባ ተፈጽሞ ንባቡ ላይገኝ ይችላል።

በዚህ ረገድ የጥንቱ የንባብ ቤት አሠራር ሊጠና ይገባዋል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሕፃኑ ፊደልን በተራው ከቆጠረ በኋላ በአቡጊዳ ያልፋል። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ እያለ ሲሄድ የለመደው ተራ ይፈርስበታል፤ ፊደሉን በመልኩ ሳይሆን በቦታው የሸመደደ ልጅ እዚህ ላይ ይታወቃል። ቀጥሎም የዮሐንስን መልእክት መጀመሪያ በቁጥር፣ ማለትም በስንደዶ እያመለከተ እያንዳንዱን ፊደል በመጥራት፣ ከዚያ በግዕዝ፣ በመጨረሻም በንባብ ይወጣዋል። ልብ ሊባል የሚገባው ሦስቱም ደረጃዎች የሚፈጸሙት በአንዱ መልእክት ላይ መሆኑ ነው። ደረጃው ሲለወጥ ጽሑፉ አይለወጥም፤ ሕፃኑ ገና ፊደል እየጠራ ሳለ የሚደርስበትን ንባብ ከፍ ካሉት ተማሪዎች አንደበት ይሰማል። ሙሉው ተግባር ከጆሮው አይርቅም።

ይህ ሲባል ግን የጥንቱ ዘዴ እንከን የለውም ማለት አይደለም። ሕፃኑ የሚያነበው ግዕዝ እንደ መሆኑ መጠን የሚያነበውን ሳይረዳ ለብዙ ጊዜ ይቆያል፤ በቃል መሸምደድም ከንባብ ጋር ይቀላቀላል። ሆኖም ሙሉውን ተግባር ሳይለቁ ድጋፉን ደረጃ በደረጃ የመቀነስ ሐሳብ በትምህርት ንድፍ ሊቃውንት ዘንድ በኋላ ዘመን ጎልቶ የወጣ ነው። ኔዘርላንዳዊው የሩን ቫን ሜሪየንቦር እ.ኤ.አ. በ1997 ስለ ውስብስብ ክሂሎች ሥልጠና ባሳተመው መጽሐፍ ተማሪው ከመጀመሪያው አንሥቶ ቀለል ያለ፣ ነገር ግን ሙሉ የሆነ ተግባር እንዲሠራ፣ ነጠላ ልምምድም ለዚያ ማገዣ እንዲሆን ይመክራል።

ክፍፍሉ የት ይቁም?

ማንኛውም ተግባር ያለ ማቋረጥ ሊከፋፈል ይችላል። እርሳስ መያዝም የራሱ ደረጃዎች አሉት። እንግዲህ ማቆሚያው የት ነው? ጋኜ ተማሪው አስቀድሞ የሚያውቀው ላይ ሲደረስ ይቆማል ቢልም፣ አንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጡት ልጆች የሚያውቁት እኩል ስላልሆነ መልሱ ለመምህሩ በቂ አይሆንም። የተሻለ መመሪያ ያቀረቡት እንግሊዛውያኑ ጆን አኔትና ኪት ደንካን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1967 ስለ ኢንዱስትሪ ሥልጠና በጻፉት ጽሑፍ ሁለት ነገሮች እንዲመዘኑ ጠይቀዋል። አንደኛው ሠልጣኙ ያለ ሥልጠና በዚያ ንዑስ ተግባር የመሳሳት ዕድሉ፣ ሁለተኛው ስሕተቱ የሚያስከትለው ጉዳት ነው። የሁለቱ ብዜት አነስተኛ ከሆነ ክፍፍሉ በዚያ ይቆማል፤ ከፍተኛ ከሆነ ይቀጥላል።

መመሪያው ለፋብሪካ የታሰበ ቢሆንም ለመማሪያ ክፍልም ይጠቅማል። ርእስን በቀለም ማስመርን በአምስት ደረጃ ከፍሎ፣ ከባዶ ላይ መበደርን ግን «ከዚያም ተበድረህ ቀንስ» በሚል አንድ መሥመር የሚያልፍ ዕቅድ ሚዛኑን ስቷል። ብዙ መከፋፈል በራሱ ጥራት አይደለም። ልጁ የሚወድቅበት ስፍራ ላይ መከፋፈል ነው ዋናው ጉዳይ።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተመለከተው የሚከተሉት ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ የጋኜ ጥያቄ በዕቅድ ዝግጅት ውስጥ ስፍራውን ይዞ መቆየት አለበት፤ ነገር ግን መልሱ እንደ መላ ምት ተወስዶ በተማሪ ሥራ መፈተን ይገባዋል። ሁለተኛ፣ ዕጩ መምህራን የደረጃ ዝርዝር ከመጻፋቸው በፊት ጥቂት ልጆች ያንን ተግባር ሲሠሩ አጠገባቸው ተቀምጠው እንዲመለከቱ፣ የስሕተቱንም መንገድ እንዲመዘግቡ ቢደረግ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያገኙት ትምህርት በብዙ ገለጻ ከሚያገኙት አያንስም። ሦስተኛ፣ የእጅ ሥራው ብቻ ሳይሆን ውሳኔውም በዝርዝሩ ውስጥ መግባት አለበት። አራተኛ፣ የተከፋፈለው ተግባር የሚገጣጠምበት ጊዜ በዕቅዱ ላይ ተለይቶ ካልተጻፈ፣ መገጣጠሙ ያለ ረዳት ለልጁ የተተወ ነው።

ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ብዙ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል መምህሩ የእያንዳንዱን ልጅ ስሕተት እንዴት ሊመረምር ይችላል? የሚል። ተቃውሞው እውነትነት አለው። ነገር ግን ብራውንና በርተን እንዳሳዩት ስሕተቱ ደንብ ያለው በመሆኑ፣ ደብተሮቹን በመልሳቸው ዓይነት በሁለትና በሦስት ክምር መለየት ብዙውን ጊዜ ይቻላል። 344 ያሉት በአንድ በኩል፣ 356 ያሉት በሌላ በኩል ይቀመጣሉ። ለእያንዳንዱ ክምር የሚያስፈልገው ትምህርት አጭር ነው፤ ሳይለዩ ለሁሉም ትምህርቱን ከመግቢያው ጀምሮ መድገም ግን ረጅም ከመሆኑም በላይ ለብዙዎቹ አይጠቅምም። ይህ ካልተደረገ ሁለቱም ልጆች በዚያው «ደግመህ ሥራ» በሚለው ትእዛዝ የተበላሸውን ደንባቸውን እየደጋገሙ ያጸኑታል፤ በዓመቱ መጨረሻም የውጤት መግለጫቸው ላይ በሒሳብ ደካማ ተብሎ ይጻፍባቸዋል። 356 ብሎ የጻፈው ልጅ ግን የተግባሩን አብዛኛውን ክፍል በትክክል ፈጽሞ ነበር፤ የቀረው አምስትን ወደ አራት ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው።